መልስ፦ ከአደጋው በፊት የራዳር ምስል ከሌለስ?

«እንደ ርዕደ መሬት ባለ አደጋ የፈረሰ ሕንፃ ለመለየት ከአደጋው በፊት የተነሳ የራዳር ምስል (ሳተላይት የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ነጥሮ ከሚመለሰው የሚሠራው ምስል) የግድ ነው ወይ?» ላልከው፣ የግድ አይደለም። ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት) የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው።

ከአደጋው በፊት ከተነሳ ተራ የሳተላይት ፎቶ የሕንፃውን መጠንና ቁመት ትወስዳለህ። ሕንፃው ባይፈርስ ራዳሩ እንዴት ያየው እንደነበር በኮምፒውተር ታሰላለህ። ከዚያ ከአደጋው በኋላ ከተነሳው እውነተኛ የራዳር ምስል ጋር ታስተያያለህ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከደረሰው የሲቹዋን ርዕደ መሬት በኋላ፣ ቻይና ዪንግሹ ከተማ ላይ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞክረውታል።

15 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ እንውሰድ። ራዳሩ ከላይ በ45 ዲግሪ አግድም ያየዋል። ጣሪያው ከመሠረቱ ይልቅ ለራዳሩ ስለሚቀርብ፣ ግድግዳው 15 ሜትር ያህል ወደ ራዳሩ ተጋድሞ ይታያል። ከኋላው ደግሞ 15 ሜትር ጥላ፣ ማለትም ሞገዱ የማይደርስበት ጥቁር ቦታ፣ ይወድቃል። ግድግዳና መሬት በሚገናኙበት ሞገዱ ሁለቴ ነጥሮ ስለሚመለስ ደማቅ መስመር ይወጣል። እኔ ቀድሜ የማየው ይህን መስመር ነው። ሕንፃው ፍርስራሽ ከሆነ መስመሩ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል፣ ጥላውም ያጥራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ምድር ቤቱ ብቻ ተደፍጥጦ ከላይ ያለው ሳይፈርስ ቁጭ ያለ ሕንፃ ደህና ሊመስልህ ይችላል። ውስጡ ሰው ሊኖር ይችላል። ቁመቱን በአንድ ፎቅ ቀንሰህ እንደገና አስላው።