ግድግዳው በተነሣበት ቢሮ

ውድ ልጆቼ፣

በአዲሱ ሕንፃችሁ የአለቃም የጸሐፊም በር እንደሌለ፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ረድፍ ይዞ እንደሚቀመጥና ጫጫታው ሥራ እንዳላስጨረሳችሁ ስትነግሩኝ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ቢፒአር እያልን የምንጠራው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሲገባ እኔ ሒሳብ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ አናጺዎች የኮምፔንሳቶውን ግድግዳ ነቀሉትና ሰኞ ስንገባ አሥራ አራት ሰዎች ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀመጥን።

ዓላማው ክፉ አልነበረም። ባለጉዳይ ፋይሉን ይዞ ከክፍል ክፍል ሲንከራተት፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ደጃፍ ላይ ሲውል አይቻለሁና፣ ያ መደበቂያ መቅረቱ ደስ ብሎኛል።

የእኔ ሥራ ግን ተጎዳ። የወሩን የባንክ ሒሳብ ከመዝገባችን ጋር ሳስታርቅ 540 ብር ልዩነት መጣብኝ እንበል። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ 1,710 የሚለው 1,170 ተብሎ እንደሚጻፈው አኃዝ ተገላብጦ ሊሆን እንደሚችል የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን ፍለጋ ጣቴን በዓምዱ ላይ እያወረድኩ ግማሽ ስደርስ፣ «ጋሼ፣ ስቴፕለሩ እርስዎ ጋ ነው?» እባላለሁ። ስቴፕለሩን እሰጣለሁ፤ ጣቴ ግን የት ደርሶ ነበር? አንድ ቀን አራት ጊዜ ከላይ ጀምሬ፣ ስሕተቱን ያገኘሁት ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ነው።

ግድግዳ ሲነሣ ሰው ይቀራረባል የሚባለውንም በቀላሉ አትመኑ። የሃርቫርዱ ኤታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ቢሯቸውን ክፍት ባደረጉ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ የኢሜይል ልውውጥ ጨምሮ ተገኝቷል። እኛም ኢሜይል ባይኖረን በብጣሽ ወረቀት እንጻጻፍ ነበር፤ ሁለት ሰው ሲያወራ አሥራ ሁለቱ ይሰማላ!

ይህን ስል ገና በጀማሪነታችሁ የግል ክፍል ተመኙ ማለቴ አይደለም። እኔ ሙያውን የተማርኩት ከሁለት ነባር ሠራተኞች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ ከባንክ ጋር በስልክ እንዴት እንደሚከራከሩ እየሰማሁ ነው፤ ይህን በሥልጠና ማንም አይሰጣችሁም። ሐሳብ የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ግን ጸጥታውን ራሳችሁ ፈልጉት። ሥራ መግቢያው 2፡30 ነበር፤ እኔ ወር በተዘጋ ቁጥር 1፡15 እገባ ነበር። ለአለቃችሁም «ጫጫታ በዛብኝ» ከማለት ይልቅ «ይህን ሪፖርት እንድጨርስ እስከ 5 ሰዓት የስብሰባ ክፍሉን ይፍቀዱልኝ» በሉ፤ አብዛኛው አለቃ ይፈቅዳል። የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ባልደረባችሁንም ኩራተኛ ነው አትበሉት።

በመጨረሻ እኔም ኃላፊ ሆኜ በር ያለው ክፍል ተሰጠኝ። የመጀመሪያውን ወር በጸጥታው ተደስቼ ከረምኩ። ገንዘብ ያዧ ታማ ሁለት ሳምንት መቅረቷን የሰማሁት ግን ከጥበቃው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ፋይሌን ይዤ አዳራሹ ውስጥ እቀመጥ ነበር።