ደንቡ ይከለክላል፤ ኅሊናዬ ግን አላረፈም

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ የሰፈር እድር በጸሐፊነት አገለግላለሁ። የመተዳደሪያ ደንባችን የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል ከእድሩ ክፍያ እንደሚታገድ ይደነግጋል። በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ አባላችን ሥራ በማጣቱ መዋጮውን ሳይከፍል ቆይቶ፣ በአራተኛው ወር እናቱ ዐረፉ። ድንኳንና ወንበር ወጥቶለት ቀብሩ ተፈጽሟል፤ ለወላጅ ሞት የሚሰጠው ገንዘብ ይከፈለው አይከፈለው በሚለው ላይ ግን ኮሚቴው አልተስማማም። ገንዘብ ያዣችን ቀኑን ወደ ኋላ መልሰን ደረሰኝ ብንቆርጥለት ነገሩ ያለ ጭቅጭቅ ያልቃል ይላሉ። ሰውየውን መርዳት እፈልጋለሁ፤ መዝገቡ ያለው ግን በእኔ እጅ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደረሰኙ አይቆረጥ። ገንዘብ ያዣችሁ ይህን ያሰቡት ለሐዘንተኛው አዝነው እንደሆነ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ እድር የሚቆመው አባላቱ መዝገቡን ስለሚያምኑት ነው፤ ዛሬ በርኅራኄ የተለወጠ ቀን ነገ በዝምድና ይለወጣል። ነገሩ የታወቀ ዕለት ደግሞ በሰፈሩ ስሙ የሚነሣው፣ ምንም የማያውቀው ሐዘንተኛ ነው።

«ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋትም ፍርድ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከ2,300 ዓመታት በፊት እንዳስተዋለው፣ ሕግ የሚናገረው በጥቅሉ ስለሆነ፣ ሕግ አውጪው ያላሰበው ጉዳይ ሲገጥም ትክክለኛው ውሳኔ እርሱ ራሱ በቦታው ቢኖር ኖሮ ይወስነው የነበረው ነው። ለዚህም የሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ይጠቀሙበት የነበረውን፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራውን መለኪያ ይጠቅሳል፤ መለኪያው የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል።

እንግዲህ የእናንተ ደንብ ለምን ተጻፈ? መክፈል እየቻለ መዋጮውን እየተወ፣ ሐዘን ሲደርስበት ብቻ ብቅ የሚለውን ሰው ለመከልከል ነው ብዬ አምናለሁ። አባላችሁ እንዲህ ያለ ሰው መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ መዝገባችሁ ነው። ሥራ ከማጣቱ በፊት ስንት ዓመት ሳያቋርጥ ከፍሏል? ውዝፉ ሲጠራቀም ማስጠንቀቂያ ደርሶታል? ከሁሉ አብልጬ የምመዝነው ግን የሚከተለውን ነው፦ ኪሱ ባዶ በነበረባቸው በእነዚያ ወራት በሌሎች ቀብር ላይ ስም ሲጠራ «አቤት» ብሏል? ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል እጁ ነበረበት? ገንዘብ አጥቶ ጉልበቱን ያልነፈገ ሰው እድሩን አልከዳም።

መልሱ ለእርሱ የሚመሰክር ከሆነ፣ ጉዳዩን በግልጽ ለጠቅላላ ጉባኤ ያቅርቡት። ውዝፉና ቅጣቱ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ቀሪው እንዲከፈለው ሐሳብ ያቅርቡ፤ ውሳኔው ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፣ ወደፊት ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ሌላ አባልም በዚያው ይዳኝ። ከስብሰባው በፊት ነባር አባላትን ማነጋገር ይጠቅማል፤ ቀደም ሲል በእንዲህ ያለ ጉዳይ ምን እንደተወሰነና ውሳኔው ምን እንዳስከተለ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው። አርስቶትልም ወጣት በጂኦሜትሪ ሊራቀቅ ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ማስተዋል ግን ብዙ ጉዳዮችን በማየት የሚገኝ በመሆኑ ጊዜ ይጠይቃል ይላል።

«እንዲህ ከሆነ ማንም መዋጮ አይከፍልም» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢ ሥጋትም ነው። ነገር ግን እነዚያው ጥያቄዎች ሆን ብሎ የቀረውን ሰው ያጋልጡታል። ሥራ ያጣ አባል ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ችግሩን ለእድሩ ዳኛ አስታውቆ ጊዜ እንዲሰጠው የሚፈቅድ አንቀጽም ለደንቡ ማሻሻያ ቢቀርብ መልካም ነው። እጁ ያጠረ ሰው በሐፍረት መጀመሪያ የሚሸሸው የእድሩን ጸሐፊ ነውና፣ የሚገባበት በር ሊኖረው ይገባል።

ጉባኤው አይሆንም ካለ ውሳኔውን ያክብሩ፤ ከዚያ በኋላ ፈቃደኞች ከየኪሳቸው አዋጥተው ቢሰጡት የሚከለክላቸው ደንብ የለም። ገንዘብ ያዡን ግን ከስብሰባው በፊት ብቻቸውን ያነጋግሯቸው፤ የደረሰኙ ሐሳብ በጉባኤ ፊት መነሣት የለበትም። ውሳኔውንም ለሐዘንተኛው የእድሩ ዳኛ ቤቱ ድረስ ሄደው ይንገሩት።