በጆሮ የሚያነጣጥሩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጄ ዓይኑ እየደከመ ነው። ሰሞኑን የዩክሬን የፓራሊምፒክ ቡድን በረዶ ላይ ሲወዳደር የሚያሳይ ቪዲዮ አብረን አየን። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ሲተኩሱ ልጄ «እንዴት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞም ቀድሞ የገባው እያለ ወርቁን የወሰደው ኋላ የደረሰው ነው። ስህተት ይሆን?
አባት ነኝ

መልስ፦ ውድ አባት፣ ስህተት አይደለም። ልጅዎ ያንን ጥያቄ በመጠየቁ ደስ ብሎኛል።

የሚያነጣጥሩት በጆሯቸው ነው። ውድድሩ ባይትሎን ይባላል። በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር ረጅምና ቀጭን ሰሌዳ፣ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ቆይተው፣ ልባቸው እየደለቀ በደረታቸው ይተኙና አምስት ጊዜ ይተኩሳሉ። ዒላማው 10 ሜትር ይርቃል። ማየት የተሳናቸው የሚይዙት ጠመንጃ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ጥይት የለውም። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ያደርጋሉ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው መሃል በተጠጋ ቁጥር የሚሰሙት ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል። በጣም ሲቀጥን ትንፋሻቸውን ገታ አድርገው ቃታውን ይስባሉ። ከሳቱ ቅጣት አለ።

ተማሪ ሳለሁ ማየት ከማይችል ጓደኛዬ ጋር እሮጥ ነበር። እጃችንን የምታገናኘን አንዲት አጭር ጨርቅ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን «ወደ ግራ!» ያልኩት መታጠፊያው ላይ ከደረስን በኋላ ነው። ወደቀ፣ ጉልበቱ ተላጠ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ቀደም ብዬ መናገር ለመድኩ። በስኪ ግን ጨርቋም የለችም። ዓይኑ የሚያይ መሪ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ቁልቁለቱንም ሳይቀር፣ በድምፁ ብቻ ይመራል። ለዚህ ነው ሲያሸንፉ መሪውም ሜዳሊያ የሚሸለመው። ይገባዋል!

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሱት በየተራ ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ መግባት ብቻውን ምንም አይልም። ሁለተኛ፣ ጭራሽ የማያይ ሰውና ትንሽ የሚያይ ሰው አብረው ስለሚወዳደሩ ሰዓታቸው እንደ ዓይናቸው ጉዳት መጠን በመቶኛ ይሰላል። ለምሳሌ የአንዱ ስሌት 86 በመቶ ቢሆን፣ በ20 ደቂቃ የጨረሰው ሰው የሚመዘገብለት 17 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። ጭራሽ የማያዩት ደግሞ ብርሃን የማያስገባ መነጽር ያደርጋሉ፣ ትንሽ ጭላንጭል እንኳ ልዩነት እንዳትፈጥር።

ስለ ቡድኑ ደግሞ ይህን ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2022 የቤጂንጉ ጨዋታ ሲከፈት አገራቸው ላይ ጦርነት ከተጀመረ ገና 8 ቀን ነበር። ቤተሰባቸውን እዚያ ትተው ተወዳደሩ። 11 ወርቅ፣ በጠቅላላው 29 ሜዳሊያ አግኝተው ከቻይና ቀጥሎ ሁለተኛ ወጡ። ሁሉንም ያገኙት በባይትሎንና በአገር አቋራጭ ስኪ ነው።

የካናዳውን የስኪ ተወዳዳሪ ብራያን ማኪቨርንም ያውቀው ዘንድ እወዳለሁ። ዓይኑ መድከም የጀመረው በ19 ዓመቱ ነው። በፓራሊምፒክ 16 ወርቅ ወስዷል። መጀመሪያ ላይ ከፊቱ እየሄደ ይመራው የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮቢን ነው።