«ዕድለኛ ነህ» ማለት ኃጢአት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? ወንድሜ ሊሳፈርበት የነበረው ባስ አምልጦት በሌላ ሲሄድ ያኛው መንገድ ላይ ተገልብጦ ሰዎች ሞቱ። ደንግጬ «ዕድለኛ ነህ» ብለው ጓደኛዬ «ክርስቲያን ዕድል አይልም፣ መግቦት ነው የሚባለው» ብላ ተቆጣችኝ። መግቦት ምንድነው? ዕድል ማለትስ አይቻልም?

መልስ፦ እንኳን አተረፈልሽ እህቴ። መግቦት «መገበ» ከሚለው ግዕዝ የመጣ ነው፣ መገበ ማለት ደሞ አበላ ብቻ ሳይሆን አስተዳደረም ነው፣ ምግብም መጋቢም ከዚሁ ነው የወጡት። እንግዲህ መግቦተ እግዚአብሔር ስንል ፈጥሮ ዞር አላለም፣ የፈጠረውን በየሰዓቱ ይዞ የሚያኖረው እሱ ነው ማለታችን ነው።

በዕድል ጉዳይ ግን ጓደኛሽ ትንሽ አብዝታዋለች ባይ ነኝ። ዕድል እኮ ድርሻ ማለትም ነው፣ ዳዊት ራሱ መዝሙር 15፥5 ላይ (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 16፥5 ነው) እግዚአብሔርን የርስቴ ዕድል ፋንታ ይለዋል። የማይሆነው ዕድልን ሰጪና ነሺ አድርጎ እንደ አምላክ መጠበቅ ነው፣ ኢሳይያስ 65፥11 ላይ ዕድል ለሚባል ጣዖት ማዕድ ያቀረቡት ሲገሰፁ ታገኛለሽ። ሩትም ብትሆን ልትቃርም ወጥታ ቦዔዝ እርሻ ላይ የደረሰችው አቅዳ አይደለም፣ መጽሐፉም ያው እንደ አጋጣሚ አድርጎ ነው የሚተርከው፣ ግን በዛ ሰበብ ቦዔዝን አግብታ የዳዊትን አያት ኢዮቤድን ወለደች።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ይሄን መግቦት የሚባል ቃል ሰው ሲተርፍ ብቻ ነው የምናወጣው፣ ባሱ ውስጥ የነበሩትስ? እግዚአብሔር ዘነጋቸው ልንል ነው? ጌታ ሉቃስ 13፥4 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንስቶ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ነው ያለው። አንዴ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ አንዷ ልጇን በአደጋ ያጣች እናት አጠገብ ሆና «የኔን ልጅ ግን እግዚአብሔር ጠበቀልኝ» ስትል ሰማሁ፣ እናትየዋ ምንም ሳትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴትየዋ ዋሸች አልልም፣ ግን እዛ አይባልም።

አንቺ ቤትሽ ሆነሽ ተመስገን በይ፣ «ዕድለኛ ነህ» አልኩ ብለሽም ንስሐ አባትሽ ጋ አትሩጪ፣ ይልቅ ከሟቾቹ ቤተሰብ የምታውቁት ካለ ከወንድምሽ ጋር ሄዳችሁ አፅናኑ፣ ስለ ቀረበት ባስ ግን እዛ አያውራ።