የኮድ ግምገማ ከጉዳዩ ሲወጣ

ጥያቄ፦ አምስት ፕሮግራመሮች አብረን እንሠራለን፤ የኮድ ግምገማውን የምመራው እኔ ነኝ። አንድ ስህተት ለማረም ተሰብስበን በኮዱ ውስጥ ስለሚተው ክፍት ቦታና ስለ ቫሪያብል ስያሜ፣ ሲብስም ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች «ፓይተን ይሻላል ወይስ ጎ» ወደሚል ክርክር እንገባና ስህተቱ ሳይነካ እንለያያለን። ሰው ሳላስቀይም ወደ ጉዳዩ የምመልሳቸው እንዴት ነው?

መልስ፦ ባልደረቦችዎ ቁም ነገር ጠልተው አይደለም። ስለ ክፍት ቦታ አስተያየት ለመስጠት ኮዱን ማንበብ አያስፈልግም፤ ሁለት ሂደቶች አንድ ዳታ ላይ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ምን እንደሚፈጠር ለመናገር ግን መስመር በመስመር መከታተል ይጠይቃል። የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተመራማሪው ፊሊፕ ዋድለር፣ ቋንቋ ሲነደፍ ስለ ፍቺው መወያየት አንድ እጅ ጊዜ ከወሰደ ሲንታክሱ (የአረፍተ ነገር አወቃቀሩ) ሁለት፣ የቃላትና የምልክቶች አጻጻፍ አራት፣ የኮሜንት (በኮዱ ውስጥ ለአንባቢ የሚተው ማስታወሻ) አጻጻፍ ስምንት እጅ ይወስዳል ያለው ይህንኑ ታዝቦ ነው።

ስለዚህ ሰዎቹን ከመገሠጽዎ በፊት የክርክሩን ምንጭ ያድርቁ። የኮድ ቅርጽ ለፎርማተር፣ ማለትም ኮዱን በራሱ ለሚያስተካክል መሣሪያ፣ ይተው፤ ለጎ ጎፈምት፣ ለፓይተን ብላክ አለ። ብላክ መስመሩን በ88 ፊደላት ይገድባል፤ የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ ፔፕ 8 ደግሞ 79 ይላል። አንዱን መርጣችሁ በፕሮጀክቱ ፋይል ላይ ጻፉትና ኮሚት ከመደረጉ (ለውጡ በታሪክ መዝገቡ ከመቀመጡ) በፊት ፎርማተሩ በራሱ እንዲሠራ አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነባሩን ኮድ ፎርማት የሚያደርጉትና ስህተቱን የሚያርሙት በአንድ ኮሚት ስለሆነ ነው፤ ሦስት መስመር እርማት በሺህ መስመር ለውጥ ውስጥ ይሰወራል። ፎርማቱ የራሱ ኮሚት ይኑረው። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊትም ከ2.23 እትሙ ጀምሮ የመስመሮችን ታሪክ ሲያሳይ እንዲህ ያለውን ኮሚት መዝለል ይችላል።

ከዚያ ስብሰባውን በአንድ የተጻፈ ጥያቄ ይክፈቱ። «ይህን ኮድ እንዴት አያችሁት?» ማለት በር ወለል አድርጎ መክፈት ነው። «ባዶ ዝርዝር ሲመጣ ይወድቃል?» ቢሉ ግን መልሱ ሲገኝ ውይይቱ ያበቃል። እያንዳንዱ አስተያየት «የግድ»፣ «ሐሳብ» ወይም «ጥያቄ» የሚል ምልክት ይኑረው፤ ኮዱን የሚያስቆመው «የግድ» ብቻ ይሁን።

የቋንቋ ንጽጽር ሲነሳ «የትኛውን መስመር ይመለከታል?» ብለው ይጠይቁ። መስመር ከሌለው የአቅራቢው ስምና የመወያያ ቀን ተጽፎበት ወደ ሌላ ዝርዝር ይግባ። ቀኑ ሲደርስ የግድ ተወያዩበት፤ ዝርዝሩ የሐሳብ መቃብር መሆኑን ሰዎች ካወቁ በሚቀጥለው ጊዜ እሺ አይሉዎትም። ሐሳቡ በአንድ ገጽ ይቅረብ፦ ችግሩ፣ የዛሬው ኮድ፣ አዲሱ ኮድ፣ ጉዳቱ፣ ውድቅ የተደረጉ አማራጮች። የፓይተን ፔፖችም (ቋንቋውን ለማሻሻል የሚቀርቡ የጽሑፍ ሐሳቦች) ውድቅ ለሆኑ ሐሳቦች ክፍል አላቸው፤ ያው ክርክር በየጊዜው እንዳይቀሰቀስ ይረዳል።

ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነም አስቀድሞ ይታወቅ። ለቫሪያብል ዋጋ የሚሰጠው የ:= ምልክት ወደ ፓይተን ይግባ አይግባ በሚለው ክርክር ማግስት የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ከመጨረሻ ወሳኝነቱ ወርዷል፤ ቦታውን የያዘው አምስት አባላት ያሉት ተመራጭ ምክር ቤት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ባልደረባችን ሁሌ ከርዕስ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልክ ነው። ላስቁመው?

መልስ፦ ያየው የደኅንነት ቀዳዳ ወይም የዳታ መጥፋት ከሆነ የያዛችሁትን አቁማችሁ እሱን ተከተሉ። ሌላው ሁሉ፣ ልክም ቢሆን፣ የራሱ ቲኬት (የሥራ መዝገብ) ተከፍቶለት ተራውን ይጠብቅ፤ ቲኬቱንም ራሱ እዚያው ይክፈት።