መታወቂያ የማይጠየቅበት ባንኮኒ፦ ስለ ወጣቶችና አልኮል ከሐዋሳ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከሐዋሳ አንባቢያን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ወጣቶችና ስለ መጠጥ በመሆናቸው፣ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ጠጥቶ ይመጣል። ስቆጣው «18 ዓመት ሞልቶኛል፤ ሕግ አይከለክለኝም» ይለኛል። እውነቱን ነው? (እናት፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ በ18 ዓመት አካለ መጠን መድረሱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ለዕድሜው ከፍ ማለት በቂ ምክንያት አለ፤ ማመዛዘንንና ራስን መግዛትን የሚመራው የአእምሮ ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ልጅዎን ግን ሞቅ ብሎት በገባበት ሌሊት አይገሥጹት፤ እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ረጋ ባለ ጊዜ ያነጋግሩት። ከማን ጋር እንደሚጠጣ፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ፣ በምን ተሳፍሮ እንደሚመለስ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ግሮሰሪ አለኝ። መታወቂያ ብጠይቅ ደንበኛዬ ተቀይሞ ጎረቤቴ ዘንድ ይሄዳል። እኔ ብቻዬን ሕግ ባከብር ምን እጠቀማለሁ? (ነጋዴ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው። በቅርቡ አንድ ምሽት ከአንድ ግቢ አጠገብ ባለ ሱቅ ቆሜ ነበር። የቢራ ሳጥኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ መክፈቻው በሲባጎ ታስሮ ከባንኮኒው ላይ ተንጠልጥሏል። ደብተራቸውን በብብታቸው የያዙ ሦስት ልጆች ገብተው ጠርሙሶቹን ራሳቸው ከፈቱ፤ ባለሱቁም ቀና ብሎ ሳያያቸው ብሩን ተቀበለ። ዕድሜያቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕጉ ከሸጠው ሰው ላይ ኃላፊነት የጣለው ጠጪውን ለይቶ ማወቅ የሚችለው እርሱ በመሆኑ ነው። እርስዎ ብቻዎን ስታከብሩ ግን ገበያው ወደማያከብረው ጎረቤት እንደሚሄድ አልክድም። ስለዚህ ቁጥጥሩ አንዱን ሱቅ ቀጥቶ ሌላውን የሚያልፍ ሳይሆን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ መንገድ ሱቆችን በሙሉ የሚያዳርስ ሊሆን ይገባል፤ ሁሉም ከጠየቀ ጠያቂውን የሚቀየም ደንበኛ መሄጃ አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በአነስተኛ ወጪ ብዙ ውጤት ያስገኛሉ ከሚላቸው እርምጃዎች መካከል ግብር መጨመር፣ ማስታወቂያ መከልከልና የመጠጥ አቅርቦትን መገደብ ዋነኞቹ ናቸው። በእኛ አገር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው የቢራ ማስታወቂያ በዚሁ አዋጅ ታግዷል። በእኔ እምነት ወደ ኋላ የቀረው ሦስተኛው ነው፤ እርሱም የሚፈጸመው ወይም የሚከሽፈው በእንደ እርስዎ ያለ ሰው ባንኮኒ ላይ ነው። ከነገ ጀምሮ ከ30 ዓመት በታች የሚመስልዎትን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቁ፤ «21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል አንሸጥም፤ መታወቂያ ያሳዩ» የሚል ጽሑፍም ግድግዳው ላይ ይለጥፉ። የሚቀየመው ደንበኛ በእርስዎ ሳይሆን በጽሑፉ ይቀየም።

ጥያቄ፦ እኔ የምጠጣው ቢራ ብቻ ነው። ከአረቄ ጋር እንዴት ይነጻጸራል? (ተማሪ)

መልስ፦ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። አልኮሉ 45 በመቶ የሆነ 40 ሚሊ ሊትር አረቄ ደግሞ 14 ግራም ያህል ይይዛል። እንግዲህ አራት ቢራ የጠጣ ሰው አራት መለኪያ አረቄ ከጠጣው ብዙም አይርቅም።

ጥያቄ፦ ጠላና አረቄ ሸጬ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ይህ ሁሉ ቁጥጥር እኛን ከእንጀራችን ሊያፈናቅለን ነው? (እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። የፋብሪካ ቢራ በግብር ሲወደድ ኪሱ የሳሳ ወጣት ወደ ርካሹ አረቄ ሊዞር ይችላል፤ ግብር ብቻውን መፍትሔ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጌሾ ወቅጠው፣ ብቅል አብቅለው ቤት የሚያስተዳድሩ እናቶችን ማሳደድ ከግቢ ወደ ጓሮ ከማሸሽ በቀር አንዳች አይፈይድም፤ ወደ ሌላ ሥራ ለመዛወር ለሚፈልጉት አስቀድሞ ብድርና የመሸጫ ቦታ ሊመቻች ይገባል። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰፈሩን ልጆች ከነዕድሜያቸው ከማንም መታወቂያ በላይ የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎትና፣ ገና ልጅ ለሆነው አይቅዱለት።

ጥያቄ፦ ጓደኛችን ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ጠጥቶ ራሱን ሳተ። ቡና ብናጠጣውና ቀዝቃዛ ውኃ ብናፈስበት ይነቃል? (ወጣት)

መልስ፦ አይነቃም። ቡናም ሆነ ውኃ አልኮልን ከደም አያወጣም፤ ጉበት ሥራውን የሚሠራው በራሱ ፍጥነት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም ነገር በአፉ መስጠት ትንታ ያመጣል፤ በውኃ ማራስም ሰውነቱን ያቀዘቅዘዋል። በጎኑ አስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ አንገቱን ቀና አድርጉለት፤ ለብቻውም አትተዉት። ሲጠሩት የማይመልስ፣ አተነፋፈሱ የዘገየ ወይም የሚቆራረጥ፣ ከንፈሩ የገረጣ ወይም የጠቆረ ከሆነ፣ ወላጅ ይቆጣል ብላችሁ ሳትፈሩ ባገኛችሁት ባጃጅ ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱት። ምን ያህል እንደጠጣና መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ።