እርጥብ ዛፍ እንዴት እንደ ጋዝ ይነድዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። በፈረንጆቹ 2016 ፎርት ማክመሪ ሲቃጠል እዚያ እሠራ ነበር፤ ከተማውን ለቀው ከወጡት 88 ሺህ ያህል ሰዎች አንዱ ነኝ። እስካሁን ያልገባኝ ነገር አለ። እርጥብ እንጨት ሲባል እኔ የማውቀው እናቴን ማድቤት ውስጥ በጭስ ሲያስለቅሳት ነው። እዚያ ግን መንገድ ዳር የቆመ አረንጓዴ ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ በአንዴ ቦግ ሲል በመኪናዬ መስኮት አየሁ። ምን ዓይነት እሳት ነው? አሁን ደግሞ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ቤት ገዝቻለሁ። ሁሉንም ቆርጬ ልገላገል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ወጣህ። እናትህን ያስለቀሳቸው ግንዱ ነው፤ አንተ ያየኸው ደግሞ የቅጠሉን እሳት ነው። እርጥብ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ እሳት ላይ ጥለህ ታውቃለህ? መጀመሪያ ይጨሳል፣ ይንጣጣል፣ ከዚያ ሳታስበው ቦግ ይላል። ቀጭን ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ዘይትም አለው። እንደ መርፌ የቀጠነው የጥድና የዘመዱ የስፕሩስ ቅጠልም ያው ነው፤ ሙጫው ራሱ ማገዶ ነው።

ግን እሳቱ ጫፍ ላይ አይወለድም። ከታች ነው የሚነሣው፤ ደረቅ ሣር፣ የረገፈ ቅጠል፣ የወደቀ ጭራሮ። ወደ ላይ ለመውጣት መሰላል ይፈልጋል። የፎርት ማክመሪው ጥቁር ስፕሩስ ደግሞ መሰላሉን ራሱ ይዞ የቆመ ዛፍ ነው፤ የታችኛው ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው።

ጊዜውም ከፍቶ ነበር። እሳቱ ከተማው የገባው ሜይ 3 ነው። በረዶው ቀልጧል፣ ሣሩ ገና አልለመለመም፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። በዚያ ላይ የእነዚህ ዛፎች አሮጌ ቅጠል ከክብደቱ አንጻር የሚይዘው ውሃ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ የሚለው በጸደይ፣ አዲሱ ቅጠል ከመውጣቱ በፊት ነው። ለዓይን አረንጓዴ ነው፣ ለእሳት ግን ግማሽ ደረቅ በለው።

የካናዳው ተመራማሪ ቫን ዋግነር በ1977 ነገሩን ለሁለት ከፍሎ አስቀመጠው፣ እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላየሁም። አንደኛ፣ እሳቱ ይወጣል ወይ? ይህን የሚወስነው የታችኛው እሳት ጉልበት፣ የቅርንጫፉ ከፍታና የቅጠሉ እርጥበት ነው። ሁለተኛ፣ ከወጣ በኋላ ይሮጣል ወይ? ይሄ የንፋስና የዛፎቹ መጠጋጋት ጉዳይ ነው። ተራርቀው ከቆሙ አንዱ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ከተጠጋጉና ንፋስ ካለ ግን ከላይም ከታችም እኩል እየነደደ እንደ ግድግዳ ይሄዳል። የታችኛውን ጥሎ ጫፍ ለጫፍ ብቻውን የሚሮጥ እሳት፣ ሰው ብዙ ቢያወራለትም፣ ብርቅ ነው።

ወደ ቤትህ እንምጣ። ከ1995 እስከ 2001 በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ ፎርት ፕሮቪደንስ አጠገብ፣ ተመራማሪዎች ደን ሆን ብለው እያቃጠሉ የእንጨት ግድግዳ ፊት ለፊቱ አቆሙ። 10 ሜትር ላይ የቆመው የተቀጣጠለበት ጊዜ አለ። 30 ሜትር ላይ የቆመው አልተቀጣጠለም፤ ምክንያቱም ያ አስፈሪ ነበልባል አንድ ቦታ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ታዲያ ፎርት ማክመሪ ላይ ያን ሁሉ ቤት ምን በላው? በአብዛኛው ፍም። ንፋስ የተሸከመው ትንሽ ፍም የአታባስካን ወንዝ እንኳ ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ሌላ እሳት ለኩሷል፣ ያንተን አጥር መሻገር ምን ያቅተዋል!

ስለዚህ ሁሉንም አትቁረጥ። መሰላሉን ንቀልበት። ቤቱ አጠገብ ያሉትን ዛፎች ከመሬት እስከ 2 ሜትር ያለውን ቅርንጫፍ መልምል፣ የተጠጋጉትን አራርቅ። ከግድግዳው ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሚነድ ነገር አይኑር፤ ጠጠር አልብሰው። ዛሬውኑ ማድረግ የምትችለው ግን ነፃ ነው። መሰላል አውጣና አሸንዳህን እይ። በደረቅ ቅጠል ከተሞላ ፍሙ የሚፈልገው እሱን ነው። በረንዳው ሥር የከመርከውን የክረምት ማገዶም ከዚያ አንሣው።